ዶክተር ከመባሌ በፊት ሲስተር ነበርኩ፦ ከአልጋ አጠገብ የሚፈተኑ 7 እሴቶች



ሰሞኑን አንዲት ወጣት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል ለልምምድ ልትወጣ ነው። መምህራቸው "ሕመምተኛን ስትንከባከቡ የሚመሯችሁ የግል እሴቶች ምንድን ናቸው?" የሚል የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል። "ዶክተር፣ ርኅራኄ፣ ትዕግስት፣ ታማኝነት ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ከዚህ በኋላ ምን ልበል?" ትለኛለች።

መልሱን እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ምክንያቱም ጉዳዩ የተማሪዎች ብቻ አይደለም። ነገ እናታችሁ ታመው ማስተማሪያ ሆስፒታል ቢተኙ፣ ሐኪሙ በራውንድ መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ያልፋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግሉኮሱ ሲያልቅ የምትመጣው፣ ትኩሳት የምትለካው፣ "ሽንቴ መጣ" ሲሉ ፖፖ የምታቀርበው ነርሷ ናት። ብዙ ጊዜ ከጎኗ አንድ ተማሪ አለ። ያ ተማሪ ልቡ ውስጥ ምን ይዞ እንደገባ ሁላችንንም ይመለከተናል።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ። እኔ ሕክምና ከመማሬ በፊት ነርሲንግ ተምሬያለሁ፤ በነርስነትም ሠርቻለሁ። ዛሬ "ዶክተር" ስትሉኝ ደስ ይለኛል። ከሕመምተኛ አጠገብ እንዴት እንደሚቆም የተማርኩት ግን "ሲስተር" በምባልበት ጊዜ ነው።

እህቴ፣ "ርኅራኄ" ብሎ ወረቀት ላይ ለመጻፍ አንድ ሰከንድ ይበቃል። እሴት የሚባለው ሲደክምሽ፣ ሲያጣድፉሽ፣ ማንም በማያይሽ ጊዜ እጅሽ የሚያደርገው ነገር ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

1. ሰውን በስሙ መጥራት

ዋርድ ስትገቢ ቶሎ የምትለምጂው ቋንቋ አለ። "አልጋ 7"፣ "ያ የኩላሊቱ ሰውዬ"፣ "የስኳሯ ሴትዮ"። ሥራ ሲበዛ ለመግባባት ያፋጥናል፤ ነገር ግን አልጋ ላይ የተኛው ሰው ይሰማል። ትናንት "ጋሼ" ሲባል የኖረ ሰው ዛሬ ቁጥር ሲሆን ምን እንደሚሰማው አስቢው።

ስም ክብር ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ያድናል። እኛ ሀገር የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስና የአባት ስም ነው የምንጠራው። አንድ ክፍል ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ተኝተው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ጭምር አመሳክሪ።

ደግሞ "እርስዎ ወይዘሮ እገሌ ነዎት?" ብለሽ አትጠይቂ። ትኩሳት ያደከመው ወይም ጆሮው የከበደው ሰው ለማንኛውም ጥያቄ "አዎ" ይላል። "እማማ፣ ሙሉ ስምዎትን ይንገሩኝ" በይ። እሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ከካርዱ ጋር አስተያዪ። በነርሲንግ የመጀመሪያ ትምህርቶች የምትማሪያቸው አምስቱ ትክክለኞች (ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት) የሚጀምሩት ከስም ነው።

2. ማንም ባያይ እጅን መታጠብ

እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለ ሐኪም አንድ ነገር ግራ ገባው። በአንድ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። አንዱን ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ ሌላውን አዋላጆች ይሠሩበት ነበር። በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች የበዙት በሐኪሞቹ ክፍል ነው። ምክንያቱን ሲፈልግ፣ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጅ እናቶችን እንደሚነኩ አስተዋለ። እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ ሞቱ በከፍተኛ መጠን ቀነሰ። የሚገርመው ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። "የእኛ እጅ ሰው ይገድላል?" ማለት ከበዳቸው።

ዛሬ ይህን የሚክድ የለም፤ ሆኖም እጅ መታጠብ አሁንም የሕሊና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጊዜያትን ያስቀምጣል፦ ሕመምተኛ ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ሊነካሽ ከቻለበት ሥራ በኋላ፣ ሕመምተኛ ከነኩ በኋላ፣ በሕመምተኛው ዙሪያ ያለ ዕቃ ከነኩ በኋላ። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና ሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። ጓንት ማድረግ መታጠብን አይተካም።

ውኃ በሚጠፋበት ቀን ምን ይደረጋል? ኪስሽ ውስጥ ትንሽ ሳኒታይዘር ይኑርሽ። እጅሽ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ወይም ደም ከነካው ግን አልኮል አይበቃም፤ ውኃና ሳሙና ፈልጊ።

3. ያልቆጠሩትን አለመጻፍ

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ዋርድ ውስጥ ቻርት ገልጠሽ የትንፋሽ ቁጥርን እዪ። 20፣ 20፣ 20... ሁሉም ሰው 20 የሚተነፍስበት ክፍል ካየሽ፣ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አባት ነበሩ። ፊታቸው ፈገግ ያለ፣ "ደህና ነኝ ልጄ" የሚሉ ሰው። ቻርታቸው ላይ ለሁለት ቀን 20 ተጽፏል። እኔ ሰዓቴን ይዤ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፦ 34። ተጠራጥሬ ደገምኩት፤ ያው ነው። ለክፍሉ ነርስ ነገርኳት። እሷም መጥታ ራሷ ቆጠረች፤ ወዲያው ሐኪም ጠራች። ሳንባቸው ኢንፌክሽን ይዞት ነበር። ሕክምናው በዚያው ቀን ተጀመረላቸው፣ ከሳምንት በላይ ቆይተው በእግራቸው ወጡ።

አንድ አዋቂ ሰው እረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሰውነት ችግር ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሽ ነው፤ የደም ግፊት የሚወርደው ዘግይቶ ነው። ዘዴው ይኸውላችሁ፦ የልብ ምት የምትቆጥሪ መስለሽ የእጅ አንጓቸውን እንደያዝሽ ደረታቸውን እዪ። እየተቆጠረበት መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣል።

ታማኝነት ማለት ይህ ነው። ሳትለኪ ቀርተሽ ከሆነ ቦታውን ባዶ ተይው። ባዶ ቦታ ሌላውን ሰው "ይለካ" ብሎ ያስታውሰዋል፤ የውሸት ቁጥር ግን ሁሉንም ያስተኛል።

4. ይሉኝታን ማሸነፍ

ከቤታችን ይዘናቸው የምንመጣ መልካም ነገሮች አሉ። ትልቅ ሰው ሲገባ መነሳት፣ አለመመለስ፣ አንገት መድፋት። እነዚህ ከሕመምተኛ ጋር ወርቅ ናቸው። መድኃኒት ሲሰጥ ግን ይሉኝታ አደገኛ ነው። "እሷ ስንት ዓመት የሠራች ሲስተር፣ እኔ ማን ነኝ?" ብሎ ዝም ያለ ተማሪ አደጋ እያየ ሊያሳልፍ ይችላል።

ካስተማርኳቸው ተማሪዎች አንዷ አንዲት እናትን ስታጣጥብ "ድሮ አንድ መርፌ ወግተውኝ ፊቴ ሁሉ አብጦ ነበር፤ ፔኒሲሊን ነው አሉኝ" ሲሉ ሰማቻቸው። ካርዱ ላይ አልተጻፈም። ከሰዓት በኋላ ነርሷ አምፒሲሊን እያዘጋጀች ነው፤ የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። ልጅቷ ልቧ እየመታ ጠጋ አለችና "ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እማማ ፔኒሲሊን አይስማማኝም ብለውኛል፤ አንዴ አብረን ብንጠይቃቸው?" አለች። ነርሷ መርፌውን አስቀምጣ ሄዳ ጠየቀች። መድኃኒቱ ተቀየረ፣ ካርዱ ላይም በቀይ ተጻፈ። "ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ" አለቻት በሁላችንም ፊት።

አያችሁ? ድፍረትና አክብሮት አብረው ይሄዳሉ። "ተሳስተሻል" ማለት አያስፈልግም። "አብረን እንየው" ይበቃል።

ከዚሁ ጋር "አላውቅም" ማለትን ልመጂ። "አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ" ብላ በእርግጥም ጠይቃ የምትመጣ ተማሪ፣ ሁሉን አውቃለሁ ከምትል እጅግ ትሻላለች። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይሉ የለ አበው!

5. አለመፍረድ

የጠጣ ሰው ይመጣል። ሳትዳር ያረገዘች ልጅ ትመጣለች። መድኃኒቱን አቋርጦ ጸበል የከረመ ሰው ተዳክሞ ይመጣል። ፊትሽ ከተቋጠረ በቃ፣ እውነቱን አይነግሩሽም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው የእኛን ፊት አይቶ ነው።

ጾምን ውሰዱ። ኢንሱሊን የምትወጋ አንዲት እናት "ጾም ላይ ነኝ" ብትል ትቆጡኛላችሁ ብላ ዝም ትላለች። ጠዋት ኢንሱሊኗን ትወጋለች፣ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። የደም ስኳሯ ከ70 በታች ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር፣ ከባሰም ራስን መሳት ይመጣል። አንዲት ተማሪ ለስለስ ብላ "እናቴ፣ እየጾሙ ነው? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚበሉት?" ብትል ኖሮ ሐኪሙ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክል ነበር፤ እሳቸውም የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ ነበር። ጸበልም ቢሆን እንዲሁ ነው። "ጸበሉን ይተዉ" ብለሽ ከተከራከርሽ መድኃኒቱን ይተዉታል። "ጸበሉንም ይሂዱ፣ መድኃኒትዎን ግን አያቋርጡ" ብትያቸው ይሰሙሻል።

አማርኛ የማይችል ሕመምተኛ ሲመጣም ድምፅ ከፍ ማድረግ ትርጉም አይሆንም። ቋንቋውን የሚችል የሥራ ባልደረባ ፈልጊ። የእናትየውን የማሕፀን ችግር በ10 ዓመት ልጇ አታስተርጉሚ፤ እሷም አትናገረውም፣ ልጁም ሊሸከመው አይገባም።

6. ምስጢር መጠበቅ፣ አለመዋሸት

ስልካችን ኪሳችን ውስጥ ነው። ጋውን ለብሶ ፎቶ መነሳት ያምራል፣ ይገባኛል። ከኋላሽ ግን አልጋ አለ፣ ካርድ አለ፣ ሰው አለ። ፊት ስለተሸፈነ ብቻ ሰው አይታወቅም ማለት አይደለም፤ ጠባሳው፣ ብርድ ልብሱ፣ የአልጋው ቁጥር ይናገራል። የሕመምተኛ ምስል፣ ታሪክና ውጤት ቲክቶክ ላይም፣ የክፍል ጓደኞች ቴሌግራም ግሩፕ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም አይወጣም። በቃ።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ቤተሰብ "አደራ፣ እንዳትነግሯት" ይላል። አንድ ቀን እንዲህ የተባለላቸው እናት እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ "ልጄ፣ አንቺ አትዋሺኝም። ይሄ በሽታ ካንሰር ነው አይደል?" አሉኝ። ተማሪ ነኝ። ምርመራ መንገር የእኔ ሥራ አይደለም። "ኧረ ምንም የለብዎትም" ማለትም ውሸት ነው።

"እማማ፣ ውጤቱን የሚነግርዎት ሐኪምዎ ነው። ማወቅ እንደሚፈልጉ ግን አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ። እስኪመጣ እዚሁ አብሬዎት ልቀመጥ?" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ልጆቻቸውን ጠርቶ አነጋገረ፣ ከዚያም በልጆቻቸው ፊት፣ ቀስ ብሎ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ነገራቸው። እናት አለቀሱ፤ ልጆቹም አለቀሱ። ሲረጋጉ የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የንስሐ አባታቸውንና ለዓመታት የተኳረፏትን እህታቸውን። ሁለቱም መጡ። ቤተሰቡ በፍቅር ሊደብቀው የነበረው ነገር ለእሳቸው የመታረቂያ ጊዜ ነበር።

7. ራስን መጠበቅ

ይህን እንደ እሴት የሚቆጥረው ጥቂት ሰው ነው። ግን የተራበች፣ ያልተኛች፣ የፈራች ነርስ ለሰው ልትደርስ አትችልም።

ልምምድ ከመጀመርሽ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድሽን አረጋግጪ። የተጠቀምሽበትን መርፌ መልሰሽ አትክደኚ፤ በቀጥታ የስለት ማስወገጃ ሣጥን ውስጥ ጣይው። መርፌ ከወጋሽ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቢ፣ አትጭመቂው፣ ወዲያውኑ ለክፍሉ ኃላፊ አሳውቂ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። "ይቆጡኛል" ብለሽ አትደብቂው።

የመጀመሪያው ሕመምተኛሽ የሞተ ቀንም ብቻሽን ወደ ዶርም አትሂጂ። ከጓደኛሽ ጋር ወይም ከመምህርሽ ጋር ተቀመጪ፣ አውሪው።

ይህ ሙያ ትንሽ አይደለም

"ነርስ ብቻ ናት" የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ ይህን አስታውሺ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ወታደሮችን ለማስታመም ሄደች፤ ንጽሕናን ብቻ ሳይሆን ቁጥርንም ይዛ ተሟገተች። የስንት ሰው ሞት በቁስል፣ የስንት በበሽታ እንደሆነ በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አሳይታ ባለሥልጣናትን አሳመነች። በ1860 ለንደን ውስጥ የነርስ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልደቷ ሜይ 12 ዛሬ የዓለም የነርሶች ቀን ነው።

የእኛም ታሪክ አለን። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ ነርስነት ተማረች። የንጉሥ ልጅ ሆና የታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ ሌሊት መቆምን መረጠች። በ1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ገና በወጣትነቷ አረፈች፤ አዲስ አበባ ውስጥም መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራላት።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ሆስፒታል ስትተኙ ወይም ስታስታምሙ እነዚህን ያዙ፦

• ተማሪ ሲቀርባችሁ ማን እንደሆነና ምን ሊሠራ እንደሆነ ጠይቁ። መፍቀድም አለመፍቀድም መብታችሁ ነው። በመምህር ክትትል ሥር ከሆነ ግን ብትፈቅዱላቸው ደስ ይለኛል፤ የነገዋ ጥሩ ነርስ የምትወጣው ከዛሬው ፈቃዳችሁ ነው።

• ስም ደጋግመው ሲጠይቋችሁ አትቆጡ። ለእናንተው ደኅንነት ነው።

• "ይቅርታ፣ እጅሽን ታጥበሻል?" ማለት ነውር አይደለም። በፈገግታ ጠይቁ።

• የማይስማማችሁን መድኃኒት፣ የምትወስዱትን ሁሉ (ባህላዊ መድኃኒትንም) እና ጾም ላይ መሆናችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ።

• ራሱን መገልበጥ የማይችል ሰው የምታስታምሙ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ለውጡለት። ተረከዙን፣ ዳሌውንና ወገቡን እዩ። የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ አትሹት፤ ለነርሷ ንገሩ።

• ቤት ውስጥ ሕፃን ሲያስለው ትንፋሹን ተኝቶ ወይም ተረጋግቶ ሳለ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አሁኑኑ!

እህቴ፣ ለመምህርሽ የምታስገቢው ገጽ ረጅም መሆን የለበትም። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን እጅሽ ምን እንደሚሠራ ጻፊ፤ ይበቃል። ለሁላችንም ደግሞ አንድ የቆየ አባባል አለን፦ "ከፍትፍቱ ፊቱ"። ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ መድኃኒቱም፣ ፊቱም።

በዚህ ሳምንት አንዲት ነርስ ወይም ተማሪ ካገለገለቻችሁ ስሟን ጠይቁና በስሟ አመስግኗት። የነርሲንግ ተማሪ የምታውቁ ከሆነም ይህን አጋሯቸው።